ጋሽ ደረጀ እና አባቴ ያቃኗቸው ብረቶች

ጋሽ ደረጀ መሞቱን የሰማሁት ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ለማ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና፣ «ብርቄ፣ ሰማሽ? ጋሽ ደረጀ አረፉ» አለኝ። ለማ ድሮ እኔ በምሠራበት የጎልፍ ክበብ የተጫዋቾችን ቦርሳ እየተሸከመ ሜዳውን አብሯቸው የሚዞር ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ። ሳቂታ፣ ቀልደኛ» አለ።

ሽንኩርቱን ዘንቢሌ ውስጥ ጨመርኩና «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ለቅሶ እንድረስ እንጂ። አንቺን እኮ ይወዱሽ ነበር።»

«እግሬን ያመኛል» አልኩት።

እግሬን አላመመኝም። የማልሄደው ሰውየውን ስለምጸየፈው ነው። በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጄ ብትናገረው እቆጣታለሁ። ፊት ለፊት አንድ ቀን እንኳ አንቱታውን አጉድዬበት አላውቅም። አሁን ስጽፍ ግን አንቱ ልበለው ብል እጄ እምቢ ይለኛል።

ክበቡ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነበር። ትንሽ ነው፤ ሣሩ ከላይ በሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ይበላሻል፣ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ፣ የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የክበቡን ሻይ ቤት በኮንትራት ይዤ እሠራ ነበር። ሻይ፣ ሳንቡሳ፣ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ጥብስ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያለኝ እጄ ብቻ ነበር። ልጄ ማርታ ነርስነት የተማረችው በዚያች ሻይ ቤት ገቢ ነው።

እዚያ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበረኝ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። እንጦጦ ላይ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለች ጎጆ ውስጥ፣ ለተራራው ገበሬዎች ማረሻና ማጭድ፣ ለእንጨት ቆራጮች መጥረቢያ ይሠራሉ። ሰው ማረሻውን ይወስዳል፤ ቤታቸው ግን ውሃ አይጠጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቡዳ ይላቸዋል። የቀጥቃጭ ዘር ዓይን ምግብ ላይ ካረፈ የበላው ሰው ይታመማል ብሎ የሚያምን ሰው ያኔም ሞልቷል፤ መኪና የሚነዳውም፣ ዲግሪ ያለውም ያምናል። እንግዲህ ይህ ስም ያለባት ሴት እንዴት ምግብ ትሸጣለች? ማርታን ገና ትንሽ ሳለች ነው ያስጠናኋት። «አያትሽ ምን ይሠራሉ ካሉሽ፣ ያርሳሉ በይ።»

«እማ፣ አሁን እኮ ዘመኑ ሌላ ነው» ትለኛለች አድጋ።

«ለሌላው ሌላ ይሁንለት። አንቺ ያርሳሉ በይ» እላታለሁ።

ጋሽ ደረጀ የቧንቧ ዕቃ አስመጪ ነበር። አጭር፣ ሙሉ ሰውነት ያለው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ለዘበኛው ሰላምታ ሳይሰጥ አይገባም። ክበቡ ውስጥ ምሳ የሚበላ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ጓደኞቹን እየጎተተ ያመጣልኝ እሱ ነው። «የብርቄን ሳንቡሳ ያልቀመሰ ጎልፍ ተጫወትኩ አይበል» ይላቸዋል። ይህን አልክድም።

ግን አንድ ልማድ ነበረው። ብረቶቹን ራሱ ነው የሚያጸዳው። ብረት የሚሏቸው ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያለባቸው መምቻዎች ናቸው፤ ቁጥር አላቸው፣ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ። ፊታቸው ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ እዚያ ውስጥ ጭቃና ሣር ይገባል፤ ሜዳውን በግ ስለሚያቋርጠው በጠጥም ይገባል። ጋሽ ደረጀ አውራ ጣቱን ይልስና የብረቱን ፊት ይጠርጋል። ከዚያ ከአፉ ስቴኪኒውን አውጥቶ መስመሮቹን አንድ በአንድ ይጎረጉራል። ሲጨርስ ስቴኪኒውን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ወደ አፉ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጓዳ ገብቼ ነው የቆየሁት። «ጋሽ ደረጀ፣ ሌላ ስቴኪኒ ላምጣ?» ብለው፣ «የሜዳው አፈር ንጹሕ ነው ብርቄ» አለኝ።

ብረት መምረጥ ለእሱ ሚስት ከመምረጥ የከበደ ነገር ነበር። እኔ እያለሁ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። የመጀመሪያዎቹ ጀርባቸው ስስ ነበር፤ ጎበዝ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ይይዛሉ ተብሎ ገዛቸው። ኳሱን ትንሽ ከመሃል ከሳተ እጁን እስከ ክርኑ ይነዝረዋል። «እነዚህስ መምህር ናቸው፣ ይገርፉኛል» አለና ሸጣቸው። ቀጥሎ ያመጣቸው ጀርባቸው ወፍራም፣ ከንፈራቸው ሰፊ ነበር፤ ስተውም ቢመቷቸው ኳሱን ያነሳሉ። እነዚያን ደግሞ «አካፋ ይመስላሉ፣ ሰው ፊት አልይዛቸውም» ብሎ ጠላቸው። አዲስ ባመጣ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ፣ ያውም ምግብ በምናቀርብበት ጨርቅ ላይ፣ ይደረድራቸውና ሰው ሁሉ እንዲነካቸው ይጠራል። የቅርብ ጓደኛው ዶክተር ተስፋዬ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው።

«ደረጀ፣ ብረቱን ተወውና ወገብህን ቀይር።»

«ወገብ የሚሸጥ ካለ አሳየኝ፤ እገዛለሁ።»

ሦስተኛዎቹን ያገኛቸው አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ነው። የሚያምሩ ነበሩ፤ እኔ እንኳ ምንም የማላውቀው አምረውብኛል። ፈረንጁ ግን በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነበር። ጋሽ ደረጀ ሲይዛቸው የብረቱ ተረከዝ ብቻ መሬት ይነካል፣ ጫፉ ሽቅብ ይንጠለጠላል። ኳሱም በመታው ቁጥር ወደ ግራ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማ ባሕር ዛፍ ውስጥ ኳስ ሲፈልግ ዋለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ተስፋዬ በረንዳው ላይ ጎንበስ አለና በተንጠለጠለው የብረት ጫፍ ሥር ጣቱን አስገባ። «ይኸው፣ ጣቴ ይገባል። ይህ ለረጅም ሰው የተሠራ ነው። አንገቱ ትንሽ መታጠፍ አለበት» አለ።

«የት ነው የሚታጠፈው?»

«ውጭ አገር ማሽን አለው። እዚህ እንኳን እንጃ።»

«እስኪ ቀስ ብዬ በጉልበቴ ላጥፈው» አለ ጋሽ ደረጀ።

«ጉልበትህ ነው የሚታጠፈው» አለው ዶክተሩ።

ለማ አንገቱን እያከከ፣ «ተራራው ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ መጥረቢያ የሚሠሩ። ብረት ያውቃሉ ይባላል» አለ።

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ማንም ልብ አላለኝም።

በማግስቱ ጋሽ ደረጀና ለማ በመኪና ወጡ። የሚመታው ሰው አቋቋም ካልታየ አይሆንም ተብሎ ነው ራሱ የሄደው። ወደ አመሻሹ ሲመለሱ በቀኝ እጁ ብረቶቹን፣ በግራው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ገባ። መንገድ ላይ ቆሞ ጠበል ቀድቷል።

«ብርቄ፣ ነይ እስኪ አፍስሺልኝ» አለኝ። «ጠበል ነው። እጅሽን ታጥበሻል?»

ታጥቤያለሁ አልኩት። ብረቶቹን ሣሩ ላይ ደረደራቸው። እኔ አፈስሳለሁ፣ እሱ እያማተበ ያገላብጣቸዋል። «አንገታቸው ላይ ጨምሪ። እጁ ያረፈው አንገታቸው ላይ ነው» ይለኛል። «ዓይኑን ብታይው ብርቄ። አንዱን ጨፍኖ በአንዱ ያይሻል። ሰውነቴን ነው የወረረኝ።» አባቴ የቀኝ ዓይናቸው ከፍም የተፈናጠረ ብረት ነክቶት ነው የማይገለጠው። አባቴን ከብረት ላይ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጀሪካኑ እስኪያልቅ አፈሰስኩ። ጠበሉ ሲያልቅ ጋሽ ደረጀ ጎንበስ ብሎ ሰባት ቁጥሩን አነሳ፣ ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ፣ መስመሮቹን ጎረጎረና መልሶ ወደ አፉ አስገባ።

ከዚያ መታ። ኳሱ ሄደ፤ የኳሱን ጉድጓድ የሚያመለክተው ባንዲራ ባለበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሌላ ብረት አነሳ፣ ያም ቀጥ አለ። «አየሽ የጠበሉን ሥራ» አለኝ። ሁሉም ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ብቻ ወደ ቀኝ ሸሸ። ደጋግሞ ሞከረው፣ ያው ነው። «ይቺ የሽማግሌው እጅ የጸናባት ናት» አለና ለብቻዋ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት።

እሑድ አባቴ ዘንድ ወጣሁ። ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ።

«አንድ አጭር ሰውዬ ከክበባችሁ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «አቁሜው አየሁት። ብረቱ ልስልስ ነው፤ እሳት ሳላስነካው ሞርሳ ላይ አስሬ በእንጨት ቀስ እያልኩ መለስኩት። መጀመሪያ የያዝኳትን ግን አበዛሁባት። ይቺን አበላሸሁብህ፣ ከእንግዲህ ብነካት ትሰበራለች፣ ተዋት ብዬዋለሁ።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም አላለ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም።» ቀጠሉና፣ «ከተማ የምትሠራ ልጅ አለችኝ አልኩት እንጂ አንቺን አላነሳሁም፤ አትስጊ» አሉኝ። ወዲያው ጠየቁኝ፣ «ኳሱ ሄደለት?»

«ሄደለት» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ደረጀ የክበቡን ዋንጫ በላ። በዚያች ዘጠኝ ቁጥር ፋንታ ስምንቱን ቀስ እያለ እየመታ ነው የተጫወተው። በረንዳው ሞላ፣ ሁለት ትሪ ሳንቡሳ አወጣሁ። እሱ መሃል ቁጭ ብሎ የተራራውን ታሪክ ያወራል።

«ሽማግሌው ወንበር አቀረበልኝ። ኪንታሮት አለብኝ፣ መቆም ይሻለኛል አልኩት።»

ሳቁ።

«ውሃ በጣሳ አመጣ። ሐኪም ከልክሎኛል አልኩ።»

«እኔ ነኝ የከለከልኩህ?» አለ ዶክተር ተስፋዬ።

«ከአንተ ሌላ ሐኪም ማን አለኝ? ውሃም ጨዋታም ትከለክለኛለህ።» ተነሣና ጀርባውን አጎበጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ስምንት ቁጥሩን ፊቱ ላይ አስጠግቶ እንደ አባቴ እያገላበጠ ተመለከተው። ሰው እየተንከባለለ ይስቃል፤ ለማም ይስቃል። «ደግሞ ከተማ የምትሠራ ልጅ አለችኝ ይለኛል። እንግዲህ የማንን ምሳ በዓይኗ እየበላች እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሠራተኛ የቀጠራችሁ ሰዎች እስኪ አጣሩ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ብርቄ፣ ሳንቡሳ ድገሚኝ። የዚህችን ሴት እጅ ግን ይባርከው።»

ጓዳ ገብቼ ሳንቡሳውን ሳወጣ፣ ሰዎቹ ፎቶ ለመነሣት ወደ ሜዳው እየወረዱ ነበር። እሱ ብቻ ቀርቷል። ሰሐኑን አስቀመጥኩለት። አንዱን አንሥቶ ግማሹን ጎረሰ። እኔ የማርታን የትምህርት ቤት ወጪ፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም አስቤ ዝም ማለት የምችል ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያንን የተጨፈነ ዓይን ግን አልቻልኩትም።

«ጋሽ ደረጀ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ሽማግሌው አባቴ ናቸው።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ብረትዎን ያቃኑት። ከተማ የምትሠራው ልጅ እኔ ነኝ።»

ማኘኩን አቆመ። ጉንጩ እንደተወጠረ ነው፤ አይውጠውም፣ አይተፋውም። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ሰሐኑን፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች። ተነሥቶ በጓዳዬ በኩል ወደ ኋላ፣ ዕቃ ወደማጥብበት ቦታ ሄደ። ሰማሁት። ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ነው የሚያስመልሰው። የበላው ወጣ፤ እሱ ግን አልበቃውም፣ ደግሞ ከተተ፣ ደግሞ ከተተ። የዚያን ቀኑን ብቻ ሳይሆን ከስንት ዓመት ጀምሮ ከእጄ የበላውን ሁሉ ለማውጣት የሚታገል ነበር የሚመስለው።

ሰው ሲያስመልስ ውሃ ማቀበል ልማዴ ነው። በጆግ ቀድቼ ሄድኩ። ጆጉን አየው፣ እጄን አየው፣ አልተቀበለኝም። አፉን በጎልፍ ጓንቱ ጠረገና ወጣ። ፎቶው ክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ይስቃል። እሱ በዚያ ሲስቅ እኔ በዚህ አመድ በትኜ ትውከቱን እጠርግ ነበር። ጽዳት አያስጠላኝም፤ ስንት በሽተኛ አስታምሜአለሁ። ያን ዕለት ግን እጄን ስታጠብ፣ ስታጠብ፣ ሳሙናው አለቀ።

ማታ ለማርታ ነገርኳት። «ጥሩ አደረግሽ» አለችኝ።

«ጥሩ መሆኑን ነገ እናየዋለን» አልኳት። ድስቶቼን በምን ጭኜ እንደማወጣ ሳስብ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ማንም ምንም አላለኝም። ሰዎቹ እንደ ወትሯቸው ገቡ፣ እንደ ወትሯቸው አዘዙ። ጋሽ ደረጀም መጣና ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ። «ብርቄ፣ ሻይ» አለ። አመጣሁለት። ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ፣ ኳስ የሚለማመድ መስሎ በረንዳው አጠገብ ወዳለው የጽድ ዛፍ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ሻዩን ሥሩ ላይ ደፋው። ባዶውን መለሰልኝና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ሳንቡሳ ሲሉት «ሆዴን አሞኛል» ይላል።

ለማንም አልተናገረም። ማርታ «ቢያንስ ለእንጀራሽ አዝኗል» ትላለች። እኔ አይመስለኝም። እነዚያን ሰዎች ሁሉ ጎትቶ ማዕዴ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ቢናገር ምን አበላኸን ይሉታል። ደግሞም ዝምታውን በነጻ አልሰጠኝም። ደስ ባለው ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ፈገግ ብሎ «ብርቄ፣ አባትሽ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ሌላው ሰው ጨዋነት ይመስለዋል። እኔ ግን ያን ያህል ጊዜ ስፈራ የኖርኩት በዚያች ጥያቄ ነው፤ ምጣዱን ጥዬ፣ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ምን ሊያወጣ እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

ብረቶቹንስ አልጣላቸውም። ይህ ነው እስከዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ። አባቴ የነኩትን ብረት አጥቦ ያዘው፣ ምክንያቱም ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። አንድ ጊዜ ድንጋይ መትቶ አምስት ቁጥሩ ሲጣመም፣ ለማን ጠርቶ «ለሽማግሌው ውሰድለት፤ ስትመለስ ጠበል ቅዳ» ብሎ ላከው። አባቴ አቃኑለት። ብረቱ በመጣ ቀን ሞክሮት፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድለት ደስ ብሎት ወደ በረንዳው መጣ። ዶክተር ተስፋዬም ሌሎቹም ነበሩ።

«ብርቄ፣ አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። «ሻይ አምጪልኝ።»

ጓዳ ገባሁ። ሻዩ ፈልቷል። ብርጭቆውን አነሣሁ፣ ስኳሩን ሳየው ግን፣ ለሚደፋ ሻይ ነው እንዴ ብዬ ተውኩት። ባዶውን ብርጭቆ ከነማንኪያው ሳሕን ላይ አድርጌ ወጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩለት። 

ብርጭቆውን አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት፤ ሁለቱንም ዓይኖቼን ገልጬ። ባዶ ነው ቢል፣ ዶክተሩ ሙይለት ይለኛል፤ ከሞላሁለት ደግሞ ሰው ፊት መጠጣት ሊመጣ ነው።  ከዚያ ማንኪያውን አነሣና አማሰለ። ባዶውን አማሰለ። ተነሥቶ ወደ ጽዱ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ አራገፈው፣ ተመልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ድምፁ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቴ ጠይቆኝ አያውቅም። ማርታ ተመርቃ ሥራ እስክትይዝና እኔም ሻይ ቤቱን እስክለቅ ድረስ፣ ሻይ ባለ ቁጥር ባዶ ብርጭቆ አቀረብኩለት፤ እሱም እያማሰለ ወስዶ ደፋው። ያቺን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይቼ ነበር የማስቀምጣት። አፉ ነክቷት አያውቅም፤ እጁ ግን ይይዛታልና፣ በየቀኑ በፈላ ውሃ አጥባት ነበር።